ለስማርት ስልክዎ የመልእክት መተግበሪያ ሲመርጡ ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦች

የእጅ ስልክ መልእክት ቀደም ባለው ጊዜ በአብዛኛው ለሰላምታና ለአጭር ጉዳይ መለዋወጫ ያገለግል ነበር። በአሁኑ ወቅት ግን የባንክ ሒሳብ እንቅስቃሴ፣ የቴሌብር ክፍያ ማረጋገጫ፣ የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ የማረጋገጫ ኮድ፣ የትምህርት ቤት ጥሪና የዕድር መርዶ ጭምር የሚደርሱን በዚሁ መንገድ ነው። በመሆኑም የመልእክት መተግበሪያ መምረጥ የልማድ ወይም የምቾት ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቶ ገንዘብንና የግል መረጃን የመጠበቅ ጉዳይ ሆኗል።

ይህ ገጽ ዜጎች በስልካቸው ላይ የትኛውን የመልእክት መተግበሪያ ለየትኛው ጉዳይ መጠቀም እንደሚገባቸው ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው። ጠቅላላ ሐሳቡ እንደሚከተለው ነው፦ ለሁሉም ጉዳይ የሚሆን አንድ መተግበሪያ የለም። ተገቢው አካሄድ በመጀመሪያ የሚላከውን መልእክት ዓይነት መለየት፣ ቀጥሎም ለእርሱ የሚስማማውን መንገድ መምረጥ ነው። የትኛውም መተግበሪያ ቢመረጥ ግን የማረጋገጫ ኮዱን ለሌላ ሰው አሳልፎ የሰጠን ተጠቃሚ ሙሉ በሙሉ ሊጠብቅ የሚችል መተግበሪያ አይኖርም።

ሁለቱ የመልእክት መንገዶች

በስማርት ስልክ የሚላኩ መልእክቶች በሁለት መንገዶች ይጓዛሉ።

የመጀመሪያው በቴሌኮም ኩባንያው መስመር የሚጓዘው አጭር የጽሑፍ መልእክት ወይም ኤስኤምኤስ ነው። ይህ አገልግሎት ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ተቀባዩም ስማርት ስልክ እንዲኖረው አያስገድድም። ሁለተኛው በሞባይል ዳታ ወይም በዋይፋይ አማካኝነት የሚሠራ ሲሆን ቴሌግራም፣ ዋትስአፕ፣ ሲግናል፣ ሜሴንጀርና የመሳሰሉት መተግበሪያዎች የሚጠቀሙበት መንገድ ነው። በዚህኛው መንገድ ላኪውም ተቀባዩም ተመሳሳይ መተግበሪያ ሊኖራቸው ይገባል።

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የዋጋ ብቻ አይደለም። መልእክቱን በመንገድ ላይ ማን ሊያነበው ይችላል፣ ኢንተርኔት በሌለበት ጊዜ ይደርሳል ወይስ አይደርስም፣ ስልክ ሲጠፋ መልእክቱ ምን ይሆናል የሚሉት ጥያቄዎችም ምላሽ የሚያገኙት መልእክቱ በተጓዘበት መንገድ ነው።

አጭር የጽሑፍ መልእክት መቼ ይመረጣል?

የመጀመሪያው ኤስኤምኤስ የተላከው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 3 ቀን 1992 በእንግሊዝ አገር ነበር። አገልግሎቱ ዕድሜ ጠገብ ቢሆንም ዛሬም የማይተካባቸው ሁኔታዎች አሉ። የዳታ ጥቅል ያለቀበት ሰው ይደርሰዋል፤ ተራ ስልክ የሚጠቀሙ አረጋውያን ወላጆች ይደርሳቸዋል፤ የኔትወርክ ሞገዱ ለኢንተርኔት በማይበቃበት አካባቢም ብዙ ጊዜ ያልፋል። ስለዚህ አስቸኳይ ለሆነና ምሥጢርነት ለሌለው መልእክት ተመራጭ ነው።

በአማርኛ ለሚጽፉ ተጠቃሚዎች ሊታወቅ የሚገባ አንድ ነጥብ አለ። በላቲን ፊደል የተጻፈ አንድ ኤስኤምኤስ እስከ 160 ፊደላትን ሲይዝ በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ግን የሚይዘው 70 ብቻ ነው። በዚህ ቁጥር ውስጥ ክፍት ቦታና ሥርዓተ ነጥብም ይቆጠራሉ። መልእክቱ ከ70 ካለፈ በሁለትና ከዚያ በላይ ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ክፍልም 67 ፊደላትን ይይዛል። ለአብነት 150 ፊደላት ያሉት የአማርኛ መልእክት በተቀባዩ ስልክ ላይ አንድ ሆኖ ቢታይም የሚላከው ግን እንደ ሦስት መልእክት ነው። በላቲን በተጻፈ መልእክት ውስጥ አንድ የግዕዝ ፊደል ወይም አንድ የስሜት ምልክት ቢገባ እንኳ ሙሉው መልእክት በ70 ስሌት ይቆጠራል። ረጅም ጉዳይ በአማርኛ በተደጋጋሚ የሚጽፉ ከሆነ የኢንተርኔት መተግበሪያ ወጪ ሊቀንስልዎ ይችላል። አንዳንድ የቆዩ ስልኮች የግዕዝ ፊደልን በባዶ ሳጥን ምልክት ስለሚያሳዩ ወደ እነርሱ ከመላክዎ በፊት መነበቡን በአንድ የሙከራ መልእክት ያረጋግጡ።

ኤስኤምኤስ የሚጎድለው ምሥጢራዊነት ነው። ይዘቱ በላኪና በተቀባይ መካከል ብቻ በተቆለፈ መልክ አይጓዝም። በተጨማሪም በመልእክቱ አናት ላይ የሚታየው የላኪ ስም በአጭበርባሪዎች ተመሳስሎ ሊቀርብ ይችላል። በባንክ ስም የመጣ መልእክት ሁሉ ከባንኩ የተላከ ነው ብሎ መደምደም አይገባም።

ኤስኤምኤስ የሚያነብልዎን መተግበሪያ በጥንቃቄ ይምረጡ

የአንድሮይድ ስልኮች ተጠቃሚው ኤስኤምኤስ የሚያነብበትን መተግበሪያ ራሱ እንዲመርጥ ይፈቅዳሉ። ከስልኩ ጋር አብሮ የመጣው መተግበሪያ ለአብዛኛው ተጠቃሚ በቂ ነው። በሚያምር ቀለም ወይም በልዩ ቅርጸ ፊደል ማስታወቂያ ተስቦ ምንጩ ያልታወቀ መተግበሪያ መጫን ግን ከፍተኛ አደጋ አለው። ምክንያቱም የኤስኤምኤስ ፈቃድ የተሰጠው መተግበሪያ ከባንክ፣ ከቴሌብርና ከፋይዳ የሚላኩትን የማረጋገጫ ኮዶች ጭምር ማንበብ ይችላል።

ስለዚህ የሚከተሉትን ይፈጽሙ፦

• በስልክዎ ሴቲንግ ውስጥ ወደ መተግበሪያዎች ክፍል ገብተው የኤስኤምኤስ ፈቃድ የተሰጣቸውን ይመልከቱ።
• የእጅ ባትሪ፣ የጨዋታ፣ የፎቶ ማስዋቢያ ወይም የብድር መተግበሪያ ኤስኤምኤስ ለማንበብ ፈቃድ ከጠየቀ ይከልክሉ።
• መተግበሪያ ከፕሌይ ስቶር ወይም ከአፕ ስቶር ብቻ ይጫኑ። በቴሌግራም ግሩፕ ወይም በሊንክ የተላከልዎን የኤፒኬ ፋይል አይክፈቱ።

በአይፎን ስልኮች ላይ ኤስኤምኤስን የሚያስተናግደው ከስልኩ ጋር የሚመጣው የመልእክት መተግበሪያ ነው። በአፕል ምርቶች መካከል የሚደረግ ልውውጥ አይሜሴጅ በተባለው አገልግሎት ተመሥጥሮ ይጓዛል፤ ይኸው መልእክት በተራ ኤስኤምኤስ ከተላከ ግን ይህ ጥበቃ አይኖረውም።

የኢንተርኔት መልእክት መተግበሪያዎች በንጽጽር

ንጽጽሩን ከመመልከት በፊት አንድ ቃል መረዳት ያስፈልጋል። ከላኪ እስከ ተቀባይ የሚዘልቅ ምሥጠራ ማለት መልእክቱ በላኪው ስልክ ላይ ተቆልፎ በተቀባዩ ስልክ ላይ ብቻ የሚከፈትበት አሠራር ነው። በዚህ አሠራር አገልግሎቱን የሚሰጠው ኩባንያ ራሱ የመልእክቱን ይዘት ማንበብ አይችልም።

ዋትስአፕ፦ እ.ኤ.አ. በ2009 የተመሠረተ ሲሆን በ2014 በፌስቡክ ኩባንያ ተገዝቷል። ከ2016 ጀምሮ የግልም የግሩፕም መልእክቶችና ጥሪዎች ከላኪ እስከ ተቀባይ የተመሠጠሩ ናቸው፤ ተጠቃሚው ለዚህ ምንም ማድረግ አይጠበቅበትም። ሆኖም ከማን ጋርና መቼ እንደተገናኙ የሚያሳየው መረጃ ከዚህ ምሥጠራ ውጭ ነው። በተጨማሪም በጎግል ድራይቭ ወይም በአይክላውድ የሚቀመጠው መጠባበቂያ ቅጂ እንዲመሠጠር ተጠቃሚው ራሱ በሴቲንግ ውስጥ ማብራት አለበት።

ቴሌግራም፦ እ.ኤ.አ. በ2013 ሥራ ጀመረ። በአገራችን በስፋት ጥቅም ላይ የዋለ ሲሆን በርካታ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ ትምህርት ቤቶችና የመገናኛ ብዙኃን ቻናሎቻቸውን ከፍተውበታል። አንድ ግሩፕ እስከ 200,000 አባላት፣ አንድ ፋይል ደግሞ እስከ 2 ጊጋባይት ሊይዝ ይችላል። መልእክቶች በኩባንያው ሰርቨር ላይ ስለሚቀመጡ ስልክ ቢቀየርም ተመልሰው ይገኛሉ። ይህ ምቾት ግን ዋጋ አለው፦ ተራ የቴሌግራም ልውውጥና ማንኛውም ግሩፕ ከላኪ እስከ ተቀባይ የተመሠጠረ አይደለም። ይህን ጥበቃ የሚሰጠው በሁለት ሰዎች መካከል ብቻ የሚከፈተውና ተጠቃሚው ራሱ ሊመርጠው የሚገባው ምሥጢራዊ ልውውጥ ነው።

ሲግናል፦ ለትርፍ ባልተቋቋመ ድርጅት የሚተዳደር ሲሆን ሁሉም ልውውጥ ከመነሻው የተመሠጠረ ነው። ስለ ተጠቃሚው የሚያስቀምጠው መረጃም እጅግ ውስን ነው። ውስንነቱ በአካባቢያችን ያሉ ተጠቃሚዎቹ ጥቂት መሆናቸው ነው፤ የሚፈልጉት ሰው መተግበሪያው ከሌለው መልእክት ሊልኩለት አይችሉም።

ሜሴንጀር፦ ከፌስቡክ አካውንት ጋር የተያያዘ ነው። የግል መልእክቶችን ያለ ተጠቃሚው ጥያቄ ማመሥጠር የጀመረው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ነው። የስልክ ቁጥሩን ከማያውቁት ሰው ጋር ለመገናኘት ያመቻል፤ በዚያው ልክ የማያውቋቸው ሰዎች በቀላሉ የሚደርሱብዎት መንገድም ነው።

የትኛውን ለየትኛው ጉዳይ?

ከላይ በተገለጹት ልዩነቶች መነሻነት የሚከተለው አጠቃቀም ይመከራል።

1. አስቸኳይ ጥሪ፣ የቀጠሮ ማስታወሻ፣ ኢንተርኔት ለሌለው ሰው የሚላክ መልእክት፦ ኤስኤምኤስ።
2. የመንግሥት ማስታወቂያ፣ የፈተና ውጤት፣ የሥራ ማስታወቂያና የመሳሰለውን ለመከታተል፦ የቴሌግራም ቻናል። የሚከተሉት ቻናል ትክክለኛ መሆኑን ግን ከመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ካለው ሊንክ ያመሳክሩ። የመሥሪያ ቤትን ስምና አርማ በመቅዳት ተመሳሳይ ቻናል መክፈት ለማንም ቀላል ነው።
3. የዕድር፣ የማኅበር፣ የወላጆች ኮሚቴና የአካባቢ ግሩፕ፦ አባላቱ በብዛት የሚገኙበት መተግበሪያ። በእነዚህ ግሩፖች የመታወቂያ፣ የባንክ ደብተር ወይም የሕክምና ሰነድ ፎቶ አይላክም።
4. የቤተሰብ፣ የጤና፣ የፍርድ ቤትና የገንዘብ ጉዳይ፦ ዋትስአፕ፣ ሲግናል ወይም የቴሌግራም ምሥጢራዊ ልውውጥ።
5. የፓስፖርት፣ የመታወቂያና የይዞታ ማረጋገጫ ሰነድ፦ በተቻለ መጠን በአካል ወይም የአገልግሎት ሰጪው ተቋም ባዘጋጀው ይፋዊ የማመልከቻ ገጽ። በመተግበሪያ መላክ ግድ ከሆነ ተቀባዩን አስቀድመው በስልክ አነጋግረው ያረጋግጡ፤ ጉዳዩ እንዳለቀም ሰነዱን ከሁለቱም ወገን ስልክ እንዲጠፋ ያድርጉ።

በውጭ አገር ከሚኖሩ ቤተሰቦች ጋር ለመገናኘት

ወደ ውጭ አገር ኤስኤምኤስ መላክ ተጨማሪ ክፍያ ስለሚጠይቅ በዓረብ አገራት፣ በአውሮፓ ወይም በአሜሪካ ካሉ ቤተሰቦች ጋር የሚደረገው ግንኙነት በአብዛኛው በኢንተርኔት መተግበሪያ ነው። አንድን መተግበሪያ ከመምረጥዎ በፊት በዚያኛው አገር መሥራቱን ይጠይቁ። ለምሳሌ በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ የዋትስአፕ የጽሑፍ መልእክት ሲሠራ የድምፅና የቪዲዮ ጥሪው ግን ለረጅም ዓመታት ታግዶ ቆይቷል። ስለዚህ ወደ ሥራ ስምሪት የሚሄድ የቤተሰብ አባል ከመነሳቱ በፊት በሁለት መተግበሪያዎች ላይ መመዝገቡና ቤተሰቡም ሁለቱንም መያዙ ግንኙነት እንዳይቋረጥ ይረዳል።

ተጓዡ የአገር ቤት ሲም ካርዱን ይዞ መቆየቱም አስፈላጊ ነው። መተግበሪያዎቹ የተመዘገቡት በዚያ ቁጥር ከሆነ ስልክ ሲቀየር የማረጋገጫ ኮዱ የሚላከው ወደዚያው ነው። ለረጅም ጊዜ ያልሠራ ቁጥር ለሌላ ደንበኛ ሊሰጥ ይችላል፤ በዚህ ጊዜ አዲሱ የቁጥሩ ባለቤት ኮዱን ሊቀበል ይችላል። ቁጥርዎን በቋሚነት ከቀየሩ በመተግበሪያው ሴቲንግ ውስጥ ያለውን የቁጥር መቀየሪያ ይጠቀሙ፤ አዲሱን ቁጥር ለባንክዎም ያሳውቁ።

መተግበሪያውን ከጫኑ በኋላ

የሚከተሉት ቅንብሮች በጥቂት ደቂቃ የሚጠናቀቁ ሲሆን በአብዛኛው የሚከሰተውን የአካውንት ነጠቃ ይከላከላሉ።

1. የሁለት ደረጃ ማረጋገጫን ያብሩ። በዋትስአፕ 6 አኃዝ ያለው የምሥጢር ቁጥር፣ በቴሌግራም የይለፍ ቃል ይጠየቃሉ። ከዚህ በኋላ ኮድዎ በሌላ ሰው እጅ ቢገባ እንኳ ያለዚህ ሁለተኛ ቁልፍ አካውንትዎ በቀላሉ አይከፈትም።
2. የስልክ ቁጥርዎን ይሰውሩ። በቴሌግራም በግላዊነትና ደኅንነት ክፍል ውስጥ ቁጥርዎን ማንም እንዳያይ ማድረግ ይቻላል። በትላልቅ ግሩፖች ለሚሳተፉ ሴቶችና ወጣቶች ይህ በተለይ ይመከራል።
3. ወደ ግሩፕ ማን ሊያስገባዎ እንደሚችል ይወስኑ። በእውቂያ መዝገብዎ ላይ ላሉ ሰዎች ብቻ ይፍቀዱ።
4. የተገናኙ መሣሪያዎችን ዝርዝር በየጊዜው ይመልከቱ። የማያውቁት ኮምፒዩተር ወይም ስልክ ካገኙ ያስወጡ።
5. ፎቶና ቪዲዮ በራሱ እንዳይወርድ ያድርጉ። ይህ የዳታ ጥቅልዎን ይቆጥባል፤ የስልክዎንም ማከማቻ ከመሙላት ያድናል።
6. ስልኩን ራሱን ይቆልፉ። የተመሠጠረ መልእክት በተከፈተ ስልክ ላይ ለማንም ይነበባል።

አካውንት የሚነጠቀው እንዴት ነው?

በብዛት የሚታየው የማጭበርበር ዘዴ የቴክኖሎጂ ዕውቀት የሚፈልግ አይደለም። አጭበርባሪው የሰውየውን ስልክ ቁጥር በራሱ ስልክ ላይ ያስገባል፤ መተግበሪያውም የማረጋገጫ ኮድ ወደ ባለቤቱ ይልካል። ቀጥሎ አጭበርባሪው በስልክ ወይም አስቀድሞ በተነጠቀ የወዳጅ አካውንት አማካኝነት በስህተት የእኔ ኮድ ወደ እርስዎ መጥቷልና ይላኩልኝ ይላል። አንዳንዴም ሽልማት ደርሶዎታል፣ ሲም ካርድዎ ሊዘጋ ነው ወይም ግሩፕ ላስገባዎት ነው የሚል ምክንያት ያቀርባል። ባለቤቱ ኮዱን ከሰጠ አካውንቱ በዚያው ቅጽበት ተላልፏል።

ከዚያ በኋላ የሚጎዳው ባለቤቱ ብቻ አይደለም። ነጣቂው በባለቤቱ ስምና ፎቶ ለእናቱ፣ ለወንድሙና ለሥራ ባልደረባው ቸግሮኛል፣ በዚህ ቁጥር ገንዘብ ላኩልኝ እያለ ይጽፋል። ተቀባዮቹ የሚያውቁትን ስም ስለሚያዩ አይጠራጠሩም። ስለዚህ ገንዘብ የሚጠይቅ መልእክት ሲደርስዎ ከማንም ቢመጣ ሳይልኩ በፊት ደውለው የሰውየውን ድምፅ ይስሙ። መደወሉ አለማመን ሳይሆን ለወዳጅ የሚደረግ ጥንቃቄ ነው።

አካውንትዎ ከተነጠቀ የሚወሰዱ እርምጃዎች

1. በዋትስአፕ፦ መተግበሪያውን ከፍተው በራስዎ ቁጥር እንደገና ይመዝገቡ። የሚላክልዎን ኮድ ሲያስገቡ ነጣቂው ይወጣል። ነጣቂው የምሥጢር ቁጥር አስቀምጦ ከሆነ ያለዚያ ቁጥር ለመግባት 7 ቀን መጠበቅ ሊያስፈልግ ይችላል።
2. በቴሌግራም፦ አሁንም በአካውንትዎ ውስጥ ካሉ ጊዜ ሳያባክኑ ወደ መሣሪያዎች ክፍል ገብተው ሌሎቹን በሙሉ ያስወጡ። አዲስ የገባ መሣሪያ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት የእርስዎን ማስወጣት ስለማይችል ይህ ጊዜ ወሳኝ ነው። ወዲያውኑም የይለፍ ቃል ያስቀምጡ።
3. ለቤተሰብና ለወዳጆች በስልክ ጥሪና በኤስኤምኤስ ያሳውቁ፤ በስምዎ የሚመጣን የገንዘብ ጥያቄ እንዳይቀበሉ ይንገሩ።
4. ገንዘብ ተልኮ ከሆነ ወዲያውኑ ለባንኩ ወይም ለገንዘብ ማስተላለፊያው አገልግሎት ሰጪ ያመልክቱ። ለኢትዮ ቴሌኮም መስመር በ994፣ ለኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በ951 መደወል ይቻላል።
5. መልእክቶቹን አያጥፉ። የስክሪን ፎቶ አንስተው፣ የተላከበትን ቁጥርና ሰዓት ይዘው በአቅራቢያዎ ለሚገኝ ፖሊስ ጣቢያ ያመልክቱ። በኮምፒዩተር አማካኝነት የሚፈጸም ያለፈቃድ መግባትና ማጭበርበር በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 መሠረት ያስቀጣል።

በተደጋጋሚ የሚነሱ ጥያቄዎች

የተመሠጠረ መተግበሪያ ከተጠቀምኩ መልእክቴ ከአደጋ ነፃ ነው ማለት ነው?
አይደለም። ምሥጠራ መልእክቱን በመንገድ ላይ ይጠብቃል እንጂ ተቀባዩ ለሌላ እንዳያሳይ ወይም የተከፈተ ስልክ በሌላ ሰው እንዳይነበብ አያደርግም።

በራሱ የሚጠፋ መልእክት ይጠቅማል?
አዎ፤ ለምሳሌ በዋትስአፕ መልእክት ከ24 ሰዓት፣ ከ7 ቀን ወይም ከ90 ቀን በኋላ እንዲጠፋ ማድረግ ይቻላል። ለክፍያና ለውል ማስረጃነት የሚፈለግ መልእክት ግን በዚህ መንገድ ሊላክ አይገባም።

አንድ ተቋም የመታወቂያዬን ፎቶ በግሩፕ እንድልክ ቢጠይቀኝስ?
መረጃው ለምን እንደሚፈለግና ማን እንደሚይዘው የመጠየቅ መብት አለዎት። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የዜጎችን የግል መረጃ የሚሰበስቡና የሚያስተናግዱ አካላት ያለባቸውን ግዴታ ይደነግጋል። ለአንድ ኃላፊ ብቻ ወይም በአካል እንዲያስረክቡ እንዲፈቀድልዎ ይጠይቁ።

የወላጆቼ ስልክ ተራ ስልክ ነው፤ ምን ላድርግ?
ኤስኤምኤስ በቂ ነው። የባንክ ወይም የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት ካላቸው ግን በስልካቸው የሚመጣ ኮድን ለማንም፣ የባንክ ሠራተኛ ነኝ ለሚል ሰው ጭምር፣ እንዳይናገሩ ደጋግመው ያስረዷቸው።

ማሳሰቢያ

ማንኛውም የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ባንክ ወይም የቴሌኮም ኩባንያ ሠራተኛ ወደ ስልክዎ የተላከን የመልእክት መተግበሪያ የማረጋገጫ ኮድ ወይም የምሥጢር ቁጥር ለእርሱ እንዲነግሩት ሊጠይቅዎ አይገባም። የጠየቀ ካለ ንግግሩን አቋርጠው በተቋሙ ይፋዊ ቁጥር ራስዎ ይደውሉ። ዛሬውኑ የራስዎን ስልክ የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ካበሩ በኋላ በቤትዎ ውስጥ ላለ ለአንድ ሌላ ሰውም እንዲያበሩለት በአክብሮት እንጠይቃለን።